የአካ ቅጥርና የደሳለኝ በር

ሰው አጥር የሚያጥረው ለምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ሌባ እንዳይገባ፣ ከብት እንዳይወጣ። እኔ ግን በዚህ መልስ ረክቼ አላውቅም። በቀርከሃ አጥር የተመለሰ ሌባ አልሰማሁም፤ ከብቱም ቢሆን ማዶ ያለው ሣር ካማረው መንገዱን ያገኘዋል። የእኛ አገር አጥር ዋና ሥራው ሌላ ነበር፤ እንግዳ የሚቆምበትን ቦታ ማሳየት። እስከዚህ የመንገድ ሰው ነህ፣ ከዚህ ወዲያ የእኛ ሰው ነህ፣ በሁለቱ መካከል ግን ቆመህ ትጣራለህ።

አጠራሩን ታውቁታላችሁ። «ቤቶች!» ይባልና ጥቂት ይጠበቃል። ቀጥሎ «ውሻ ያዙ!» ይባላል፤ ውሻ በሌለበትም ይባላል፣ ውሻ የላቸውም ብሎ መገመት ባለቤቶቹን መናቅ ነውና። ከውስጥ «አቤት፣ ይግቡ!» ሲመጣ ይገባል። ካልመጣ አይገባም። እኔ ባደግሁበት በጥርባ ይህ ሕግ የተጻፈበት ቦታ የለም፤ ስለዚህም እስካሁን የሰረዘው የለም።

እንጅባራ ግን ከተማ ናት፤ ከተማ ደግሞ ያድጋል። ዩኒቨርሲቲው መጣ፣ ቢሮው በቢሮ ላይ ተደረበ፣ ባጃጁ ከእግረኛው በለጠ፣ ቀርከሃውም ቦታውን ለብሎኬት እየለቀቀ ሄደ። በብሎኬቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ፣ ከስባሪው ሥር የብረት በር፣ ከበሩ ጎን ደወል። ስለዚህ ነገር ያለኝን ቅሬታ በየአጋጣሚው ከመናገር ተቆጥቤ አላውቅም። በሙያዬ የታሪክ መምህር ነኝ፣ በጠባዬ ደግሞ አራሚ፤ ሰው ዓመተ ምሕረት ሲያሳስት እንቅልፍ ይነሳኛል። በክፍል ውስጥ በግንብ ስለተከበቡ የባሕር ጠረፍ ከተሞች ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር፣ ባሕርም ሆነ የከተማ ቅጥር በዓይኔ አላየሁም ነበር። ካየሁት ውኃ ትልቁ ጣና፣ ካየሁት ግንብ ትልቁ የደሳለኝ ነበር።

ደሳለኝ የአያ ፈንታሁን የበኩር ልጅ ነው። አያ ፈንታሁን የሟቹ አባቴ እኩያና የአጥር ጎረቤት ነበሩ፤ ዛሬም ጥርባ ላይ ድንቻቸውን እየኮተኮቱ፣ ቀርከሃቸውን እየጠበቁ፣ ከሚያገኙት ሰው ሁሉ ጋር በአማርኛም በአገውኛም እየተከራከሩ ይኖራሉ። ልጃቸው እንጅባራ ላይ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ሆነ። ብሎኬት የሚሸጥ ሰው ቤቱን በቀርከሃ ቢያጥር ደንበኛው ምን ይላል? በብሎኬት አጠረ።

ቤቱ ካለቀ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ አያ ፈንታሁን አንድ ቅል ማር ይዘው ከጥርባ መጡና ከብረቱ በር ፊት ቆሙ። ተጣሩ። ጠበቁ። ደግመው ተጣሩ። ከዚያ ማሩን ደጁ ላይ አስቀምጠው ተመለሱ። እሳቸው የሚሉት ይህንን ነው፤ ማንም አልመለሰልኝም ይላሉ። የልጃቸው ሚስት ብርቱካን ደግሞ ከጓሮ ማድ ቤት ሕፃኑን እያጠበች እንደነበር፣ «አቤት፣ ይግቡ አባባ፣ ክፍት ነው!» ብላ ሁለት ጊዜ እንደ ጮኸች፣ ልጁን በፎጣ ጠቅልላ ስትወጣ ማሩን እንጂ ሰውየውን እንዳላገኘች ትናገራለች።

ነገሩ ቀላል አይምሰላችሁ። አማቷን በር ላይ አቁማ የመለሰች ሴት በእኛ ዘንድ ስሟ ቶሎ አይጸዳም። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርኩ። አያ ፈንታሁን «አልተመለሰልኝም» ብለው ማሉ። ብርቱካን «መልሻለሁ» ብላ ማለች። ከሁለት መሐላ አንዱን ሐሰት ለማለት የማይደፍር ሽማግሌ ሦስተኛ ተከሳሽ ይፈልጋል፤ እኛም ግንቡን አገኘነው። ድምፅዋን የዋጠው ብሎኬቱ ነው አልን። ይህን ፍርድ ያፈለቅሁት እኔ ነበርኩ፣ ከቀድሞ አሳቤ ጋር ስለገጠመልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰው ግን ግንብ አያማም። ብርቱካንን አማ።

አያ ፈንታሁን ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አላለፉም። ሕፃኑ ክርስትና ሲነሣ ቤተ ክርስቲያን ድረስ መጡ፣ የልጅ ልጃቸውን ግንባር ሳሙ፣ ሌላው ሰው ለድግሱ ወደ ደሳለኝ ቤት ሲያቀና እሳቸው ከቅጽሩ ወጥተው የጥርባን መንገድ ያዙ። ብርቱካን ድግሱን ሁሉ እያስተናገደች በየመካከሉ በሩን ስታይ አየኋት። በሩ ያን ቀን ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር።

ደሳለኝ በመጨረሻ አንድ ዘዴ ዘየደ። መንገዱ ሰላም በነበረበት በዚያ ሰሞን ለትንሣኤ ኢየሩሳሌምን ከሚሳለሙት ጋር አባቱን ሊልክ፣ እኔንም አብሮ አደግ ጎረቤት ነኝና አጃቢ ሊያደርግ ወሰነ። «መምህር፣» አለኝ፣ «ሲመለሱ ከባሕር ዳር አውሮፕላን ጣቢያ በቀጥታ እኔ ቤት ያምጡልኝ። ከተሳለሙ በኋላ ቂም ይዘው አያልፉም።» ይህንን ለአያ ፈንታሁን ነገርኳቸው።

«ኢየሩሳሌምስ እሄዳለሁ፣» አሉ። «ደሳለኝ ቤት ግን ሩቅ ነው።»

ስለ ቅዱሳት ቦታዎች እዚህ አልጽፍም፤ ለዚያ ከእኔ የተሻለ ልብ ያለው ሰው ይጻፍ። የምነግራችሁ በገሊላ በኩል ስንመለስ አውቶቡሳችን ስለቆመባት ስለ አካ ነው። አካ ከባሕር የወጣች ምላስ የመሰለች፣ በሦስት ወገን በውኃ፣ በአራተኛው በጉድባና በግንብ የታጠረች አሮጌ ከተማ ናት። ስሟን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ስንት ጊዜ በጠመኔ የሣልኋት ከተማ! አስጎብኚያችን እዚያ አገር ብዙ ዘመን የኖረ የእኛው አገር ሰው ነበር፤ ገና ከአውቶቡስ ሳንወርድ ሁለት ስሕተት አረምኩለት፣ ከዚያ በኋላ ወደ እኔ እያየ መናገሩን ተወ።

በየብሱ በኩል ባለው በር ሁላችንም ተንጋግተን ገባን። ዘወር ስል አያ ፈንታሁን የሉም። ውጭ፣ ከበሩ ቅስት ፊት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ይግቡ እንጂ አያ።»

«ማን ግባ አለኝ?»

«ከተማ ነው እኮ፤ የሁሉም ነው።»

«የሁሉም ከሆነ ለምን አጠሩት?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የለኝም እንዳልል ብዙ መጻሕፍት አንብቤበታለሁ፤ ነገር ግን በር ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው የሚነገር አይነት አይደለም። እሳቸውም አልጠበቁኝም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ የጥርባን ኮረብታ የሚያሻግር በሚመስል ድምፅ፣ «ቤቶች!» አሉ። ጥቂት ቆይተው «ውሻ ያዙ!» አከሉ። ፎቶ ያነሡ የነበሩ ፈረንጆች ካሜራቸውን ከግንቡ ወደ እሳቸው መለሱ። አንዲት ከእኛ ጋር የመጡ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሳቃቸውን አፈኑ።

ከቅስቱ ውስጥ፣ በጥላው፣ የዓሣ መረብ የሚጠግን ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። ቀና አለና በቋንቋው አንድ ቃል ተናገረ። አያ ፈንታሁን እንደ ቆሙ ናቸው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። አሁንም እንደ ቆሙ ናቸው። ምን ያድርጉ፣ ዐረብኛ አያውቁም ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌው በመጨረሻ መረቡን ከጉልበቱ አወረደ፣ እጁን በደረቱ ላይ አደረገ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ዘረጋው። አያ ፈንታሁን ወዲያው ባርኔጣቸውን አንሥተው ገቡ።

«አየህ መምህር፣» አሉኝ ሲያልፉ፣ «አፉን እንኳ ሳይከፍት በእጁ ብቻ ተቀበለኝ። የባሕር ሰው ጨዋ ነው።»

ይህችን ንግግር ልብ አላልኳትም። ሰው የሚያርመውን ሲፈልግ የሚሰማውን ይስታል።

ከተማይቱ ከላይ የምትታየው አንዲት ናት፤ ከሥር ግን ሌላ አላት። የመስቀል ጦረኞች የሠሯቸው ታላላቅ አዳራሾች ነበሩ፤ በኋላ የመጡት ገዢዎች ያን ሁሉ በአፈር ሞልተው በላዩ የራሳቸውን ሠሩ፣ ሰዉም ከእግሩ በታች ከተማ እንዳለ ረስቶ ለብዙ ዘመን በላዩ ተመላለሰ። ከአዳራሾቹ ራቅ ብሎ ወደ ባሕሩ የሚወስድ የምድር ውስጥ መንገድም አለ። አስጎብኚው እንደ ነገረን ይህ መንገድ የተገኘው በሊቃውንት ፍለጋ አይደለም፤ የአንዲት ሴት የፍሳሽ ቱቦ ተደፍኖ፣ ሠራተኞች ምን ደፈነው ብለው ሲቆፍሩ ነው። ያን ጊዜ ከልቤ ሳቅኩ። እኛ ታሪክ ካልነው ነገር ስንቱ ተደፍኖ ይሆን፣ ቧንቧው እስኪያስቸግር ድረስ።

«ምን አለ?» አሉኝ አያ ፈንታሁን።

ደገምኩላቸው። ቀኑን ሙሉ «ምን አለ?» ሲሉኝ እኔ ስደግም ነበር የዋልነው። መምህር ስለሆንኩ መድገም አይከብደኝም፤ የአስጎብኚው አነጋገር ፈጣን፣ ዋሻውም የሚያስተጋባ ስለሆነ ነገሩ አላስገረመኝም።

በመጨረሻ በባሕሩ በኩል ባለው ግንብ ላይ ወጣን። ያን ቀን ነፋስ ነበር። ማዕበሉ ከሩቅ እየተንከባለለ መጥቶ ከእግራችን በታች ካለው ድንጋይ ጋር ይላተማል፣ ፍንጣሪው ፊታችንን ይረጫል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ። አስጎብኚው ከተማይቱ የወደቀችበትን ታሪክ ሊነግረን እየጮኸ ነው፣ በማዕበሉ መካከል ግን ቃል በቃል መልቀም ነበረብን። በየብሱ በኩል ያለው ግንብ ተጣሰ፤ ሕዝቡ ወደ ወደቡ ሮጠ፤ መርከቡ ጥቂት ነበር፤ ቦታ ያጡት ከውኃው ዳር ሆነው የሚሄዱትን መርከቦች እየተጣሩ ቀሩ።

በአያ ፈንታሁን ጆሮ ተጠግቼ ይህንኑ ነገርኳቸው።

«መርከበኞቹ አልመለሱላቸውም?»

«አልመለሱም።»

«አልመለሱም ወይስ አልሰሙም?»

«እሱን ታሪክ አይለይም አያ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና በግንቡ ጠርዝ ላይ ተደግፈው ባሕሩን ተመለከቱ። የዘንገናን ሐይቅ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ማዶ የሌለው ውኃ ግን ያን ቀን ማየታቸው ነው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ባሕር ይጮኻል ሲሉ እሰማ ነበር። ዝምተኛ ነው እኮ።»

በዚያች ቅጽበት አንድ ማዕበል ከግንቡ ጋር ሲላተም ድንጋዩ በእግሬ ሥር ነዘረኝ።

ወደ ኋላቸው ዞርኩ፤ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ ሆኜ «አያ ፈንታሁን!» አልኩ። አልዞሩም። ከፍ አድርጌ ደገምኩ። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። የመረብ ጠጋኙ ሁለት ቃል፣ የቀኑ ሙሉ «ምን አለ»፣ ከዚያም አሳቤ ወደ ኋላ ሄደ፤ ወደ እንጅባራ፣ ወደ ጓሮ ማድ ቤት፣ ፎጣ ወደ ያዘች ሴት። ሁለት ጊዜ ጮኻለች። ማለች። እኛም በብሎኬቱ ላይ ፈረድን።

ጎናቸው ቆምኩና ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ «አያ፣ ባሕሩ ይጮኻል፣» አልኳቸው።

ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «ይጮኻል?»

«ይጮኻል።»

«አሁንም?»

«አሁንም።»

ቀጣዩን ማዕበል ከሩቅ ጀምረው በዓይናቸው ተከተሉት፤ ሲመጣ፣ ሲነሣ፣ ሲሰበር። ነጭ አረፋው ወደ ላይ ተበተነ። እሳቸው የተሰበረበትን ቦታ እያዩ ጆሯቸውን አዘነበሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ያቺ ልጅ…» አሉና አልጨረሱትም። «ሽማግሌ ፊት ምያለሁ እኮ መምህር፣» አሉኝ።



በአውሮፕላኑ ውስጥ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አላነሡም። ስለ ጫማቸው ጥበት፣ ስለቀረበላቸው ምግብ ጨው ማጣት፣ የባሕር ሰው ዓሣ እንዴት ከነዓይኑ እንደሚበላ ግን በሰፊው ተናገሩ። አዲስ አበባ ስንደርስ ከሰዓት በኋላ በነበረው በረራ ፈንታ ማለዳ በነበረው ላይ ቦታ አለ ተባለና በዚያው ሄድን። ለደሳለኝ ልደውል ብል ኔትወርክ የለም። ባሕር ዳር የሚቀበለን ስለሌለ በሚኒባስ ተሳፈርን። ዳንግላ ላይ ተሳፋሪ ለማውረድ ስንቆም የፈረስ ጋሪዎች በመስኮቱ በኩል አለፉ፤ አያ ፈንታሁን ፈረሶቹን ቆጠሩ። እንጅባራ ስንገባ ወደ ጥርባ የሚወስደውን መኪና ላሳያቸው ብዬ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ደሳለኝ ቤት።»

በሩ ፊት ስንደርስ ልብሳቸውን አራገፉ። «እኔ እጣራለሁ፤ ሲመልሱ ትከሻዬን ንካኝ፣» አሉኝ። ይህንን የተናገሩት መሬቱን እያዩ ነበር።

«ቤቶች!»

ዝም።

«ውሻ ያዙ!»

ከውስጥ አንዳች ድምፅ የለም። ጆሮዬን ወደ በሩ አቀናሁ፤ ውኃ እንኳ አይንጠባጠብም። እጄን አላነሣሁም። አያ ፈንታሁን ጥቂት ጠበቁና ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «መልሳለች፣» አሉ። «አንተም ሸመገልክ፤ አልሰማሃት ይሆናል። ልጅ ይዛ ነው፤ ትመጣለች።» ከግንቡ ሥር ከግንባታው በቀረ ብሎኬት ላይ ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ።

ስልኬ የጠራው ያን ጊዜ ነው። ኔትወርኩ ተመልሷል። ደሳለኝ ነው። «መምህር፣ የት ናችሁ? አውሮፕላን ጣቢያ ቆመናል፤ ብርቱካንም ልጁም አብረውኝ ናቸው!» በሩ ላይ ሊቀበሉ የነበሩ ሰዎች ለክብር ብለው ባሕር ዳር ድረስ ሄደዋል፤ መንገድ ላይ ተላልፈናል። ወደ ጥግ ሄጄ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገሩን ነገርኩት፤ ድምፅ ዝቅ ማድረግ እንኳ አላስፈለገም ነበር።

ስመለስ አያ ፈንታሁን በሩን እያዩ ናቸው። ያ ሁሉ ጊዜ መልሳ አልመለሰችም የተባለች ሴት፣ ዛሬ ሳትመልስ መልሳለች ተባለች። ቤቱ ባዶ ነው ልላቸው እችል ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ ስሕተት ሰምቼ ባለማለፍ ነው። ከአጠገባቸው ሌላ ብሎኬት ስቤ ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል መኪናው ከኋላችን መጥቶ ቆመ። ብርቱካን ልጁን ታቅፋ ወረደች። አያ ፈንታሁን መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ የተቆለፈውን በር፣ በመጨረሻ እኔን አዩ።

«ውስጥ ሰው አልነበረም?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አንተም ዝም አልክ።»

«ዝም አልኩ።»

ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ብርቱካን ዞሩ። «መልሳለች ብዬ ተቀምጬ ነበር፣» አሏት። «የዛሬው ለዚያን ቀኑ ይቆጠርልኝ።»

ብርቱካን ልጁን ለባሏ ሰጠች። «አባባ፣ ያን ቀን አቤት ብዬ ነበር፣» አለች፤ ድምፅዋ ከፍም አላለም፣ ዝቅም አላለም። እሳቸው ከንፈሯን እያዩ ነበር።

«አዎ፣» አሉ። «አሁን ደረሰኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መንገደኛ ቢያየን እብዶች ይለን ነበር። ደሳለኝ በሩን ከፈተ፤ ብርቱካን ብቻዋን ገባች፣ እስከ ጓሮው ማድ ቤት ድረስ ሄደች፣ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። አያ ፈንታሁን «ቤቶች!» አሉ። ከሩቅ፣ ከብሎኬቱ ወዲያ፣ ጥርት ያለ «አቤት፣ ይግቡ አባባ!» መጣ። እኔም ትከሻቸውን ነካሁ።

መልካም መጨረሻ ነው ትሉ ይሆናል። እኔ እንደዚያ ለማለት ይቸግረኛል። የመሐላው ቀን አብረውኝ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ግማሾቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የቀሩትን ሰብስቦ ቃልን መመለስ ለአያ ፈንታሁን ከኢየሩሳሌምም የራቀ መንገድ ሆኖባቸዋል። ጥርባ ላይ ዛሬም ውኃ ስትቀዳ ያገኘኋትን ሴት ብጠይቅ፣ ብርቱካን አማቷን በር ላይ ያቆመች ናት ትለኛለች። የክርስትናው ድግስ ተበልቷል፤ ልጁ አያቱን የለየው ከሌላው ሽማግሌ ሁሉ በኋላ ነው። ማሩ እንኳ ያን ሁሉ ጊዜ ሳይነካ ቅሉ ውስጥ ቆይቶ ነበር፤ የተከፈተው ያን ምሽት ነው፣ ደርቆ በቢላ ተቆረጠ። አንዲት «አቤት» ከማድ ቤት ተነሥታ በሩ ላይ ለመድረስ ይህን ያህል ዘመን ፈጀባት፤ አካንም ዞራ መጣች።

እኔስ? ስለ ብሎኬት የማደርገውን ንግግር አቁሜያለሁ። አልፎ አልፎ በዚያ በኩል ሳልፍ ቆም ብዬ አየዋለሁ፤ ጠርሙሱ ያብለጨልጫል፣ ደወሉ ዝጓል፣ ብሎኬቱ እንዳለ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ የፈረደበት፣ እኔ በአንደበቴ የከሰስኩት፣ ምንም ሳያደርግ የተወነጀለው እሱ ነበር።

እስካሁን ግን ይቅርታ የጠየቀው የለም።